ደሴ ውስጥ የአሜሪካ ኮሌጅ ማመልከቻ የሚሞላው ቢሮ፦ የአንድ ጡረተኛ ንብረት ያዥ አስተያየት

ልጄ አሜሪካ ላሉ ኮሌጆች ማመልከቷ ኮምቦልቻ ውስጥ ከተሰማ ወዲህ መስጊድ በር ላይም ሆነ ሻይ ቤት፣ ለቅሶ ቤት ሳይቀር፣ አንድ ጥያቄ ይከተለኛል፦ «ደሴ ያለው ቢሮ እንዴት ነው? የሚከፈለውን ያህል ይሠራል?» ለአንዱ መልሼ ሳልጨርስ ሌላው ይመጣል፤ ስለዚህ በጽሑፍ ላድርገው ብያለሁ። ለቸኮለ ሰው መልሱ ይኸው፦ ለስካን፣ ለትርጉምና ለኢንተርኔቱ ሂዱ። «ሙሉ ጥቅል» የሚሉትን አትግዙ። የገንዘብ አቅም ቅጹን ደግሞ ከልጃችሁ ጋር ቤታችሁ ተቀምጣችሁ ሙሉ እንጂ ለማንም አትስጡ። የቢሮውን ስም አልጠራም፤ እዚያ እንጀራቸውን የሚበሉ ደህና ልጆች አሉ፤ ደግሞም እንዲህ ያለ ቢሮ አንድ ብቻ አይደለም።

ጡረታ እስክወጣ ድረስ ፋብሪካ ውስጥ ንብረት ያዥ ነበርኩ። ዕቃ በሞዴል 19 ካልገባና በሞዴል 22 ካልወጣ እንቅልፍ የማይወስደኝ ሰው ነኝ። ስለዚህ ቅጽ አያስፈራኝም፤ የሚያስፈራኝ ቅጹን ሳያነብ የሚሞላ ሰው ነው። ይህን ቀድሜ የምናገረው ከዚህ በታች የምጽፈው ትችት የሰለቸው ሽማግሌ ማጉረምረም እንዳይመስላችሁ ነው። ማጉረምረሙም ቢሆን አይቀርም።

ቢሮው ከፒያሳ ትንሽ ዝቅ ብሎ ፎቅ ላይ ነው። ጥቂት ኮምፒውተሮች፣ አንድ ትልቅ ኮፒ ማሽን፣ ግድግዳው ላይ የሰንደቅ ዓላማዎች ሥዕል፣ መደርደሪያው ላይ ማንም ሲያነባቸው ያላየኋቸው ወፋፍራም መጻሕፍት። የሚያስመሰግነው ባትሪው ነው፤ መብራት ሲጠፋ ኮምፒውተሮቹ አይጠፉም፣ ኢንተርኔቱም ይቀጥላል። ይህን ቀላል ነገር አድርጎ የሚያይ ሰው ወሎ ውስጥ ልጅ አላስተማረም። በ2015 ክረምት በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋርጦ ለወራት በቆየበት ጊዜ የጎረቤታችን ልጅ አንድ ቅጽ ለመላክ አዲስ አበባ ድረስ ሄዶ ነበር። ታኅሣሥ ላይ ሐረጎን ወጥቶ፣ በጦሳ ብርድ እየተንቀጠቀጠ፣ የማይቋረጥ መስመር ያገኘ ሰው ለዚያች ሰዓት የከፈለው አይቆጨውም። ለዚህ ብቻ ቢሆን ሙሉ ነጥብ እሰጣቸው ነበር።

ዋጋቸው በር ላይ ተለጥፏል። ስካን በገጽ 10 ብር፣ ትርጉም ከማኅተም ጋር በገጽ 300 ብር፣ የኮምፒውተር ሰዓት እንደየሁኔታው። እስከዚህ ድረስ ተመጣጣኝ ነው። ከዚያ በታች ግን «ፋፍሳ መሙላት 2,000 ብር» የሚል መስመር አለ። ፋፍሳ የአሜሪካ መንግሥት ለዜጎቹና ሕጉ ለሚፈቅድላቸው ጥቂት ነዋሪዎች ገንዘብ የሚሰጥበት ቅጽ ነው። ከወሎ የሚያመለክት ኢትዮጵያዊ ተማሪ አይመለከተውም። ከዚህ መስመር በኋላ የቀረውን ዝርዝር መነጽሬን አጥብቄ ነው ያነበብኩት።

«ሙሉ ጥቅል» 25,000 ብር ነው። ሥራ አስኪያጁ ትሑት ሰው ነው፤ ተነስቶ ወንበር ይሰጣል፣ «አባታችን» ይላል፣ ስለ ጤና ይጠይቃል። በጥቅሉ ውስጥ ምን እንዳለ ስጠይቀው «ከማመልከቻ እስከ ስኮላርሺፕ» አለኝ። ስኮላርሺፑን የምትሰጠው አንተ ነህ ወይስ ኮሌጁ አልኩት፤ ሳቀ። የገባው ቃል በወረቀት ላይ እንዲሰፍርልኝ ስጠይቅ «የቢሮው አሠራር አይደለም» የሚል መልስ መጣ። እንግዲህ እኔ በዘመኔ ያለ ፊርማ አንዲት ብሎን እንኳ አላወጣሁም። ጥቅሉን ትተን በነጠላ ለመጠቀም ወሰንን። ሰውየው አልተቀየመም፤ ቡና አስመጣልን።

ማንም ወላጅ ብር ከማውጣቱ በፊት ማወቅ ያለበት ነገር አለ፤ ቢሮው ግን ይህን አይነግራችሁም። አሜሪካ ውስጥ ጥሩ የሚባል የግል ኮሌጅ በዓመት ከምግብና ከመኝታ ጋር ከ80 ሺህ ዶላር በላይ ይጠይቃል። የውጭ አገር ተማሪ ገንዘብ ይጠይቅ አይጠይቅ ሳያዩ በትምህርቱ ብቻ የሚወስኑ፣ ከተቀበሉት ደግሞ የጎደለውን ሁሉ የሚሞሉ ኮሌጆች በጣም ጥቂት ናቸው። ሃርቫርድ፣ ዬል፣ ፕሪንስተን፣ ኤም አይ ቲ እና አምኸርስት በዚህ የቆዩ ናቸው፤ ዳርትመዝና ቦውዶይን በአውሮፓ አቆጣጠር በ2022 ተጨምረዋል። በእነዚህ ዘንድ ፈተናው መግባቱ ነው። ከቀሩት አብዛኛዎቹ ግን የልጁን ውጤትና የሚጠይቀውን ገንዘብ አብረው ይመዝናሉ። እኩል ከተማሩ ሁለት ልጆች አንዷ 80 ሺህ፣ ሌላዋ 20 ሺህ የምትጠይቅ ከሆነ ሚዛኑ ወዴት እንደሚያደላ ለመገመት ነቢይ መሆን አያስፈልግም። ከእነዚህም መካከል የተቀበሉትን ልጅ ፍላጎት ሙሉ በሙሉ የሚሸፍኑ አሉ፤ «ተቀብለንሻል፣ ገንዘብ ግን የለንም» ብለው የሚጽፉም አሉ። የቢሮው የኮሌጆች ዝርዝር እነዚህን ሁሉ ቀላቅሎ አንድ ላይ ያስቀመጠ ነው።

ልጄ የራሷን ዝርዝር ይዛ ሄደች። ውስጡ ቤሪያ የሚባል ኬንታኪ የሚገኝ ኮሌጅ ነበረበት። ከ1892 ጀምሮ ከተማሪ የትምህርት ክፍያ አይወስድም፤ በምትኩ ተማሪዎቹ በሳምንት ቢያንስ 10 ሰዓት ግቢው ውስጥ ይሠራሉ። ሥራ አስኪያጁ «ስም የለውም» ብሎ ሊያስወጣት ሞከረ። እኔ ደግሞ ስሙን ከዚያ ቀን ጀምሮ አልረሳሁትም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። ሲ ኤስ ኤስ ፕሮፋይል የሚባለው፣ ኮሌጅ ቦርድ የተሰኘው የአሜሪካ ድርጅት የሚያዘጋጀው ቅጽ ነው የቤተሰቡን ኪስ ለኮሌጆቹ የሚያሳየው። ለመጀመሪያው ኮሌጅ 25፣ ለእያንዳንዱ ተጨማሪ 16 ዶላር ያስከፍላል። ለስምንት ኮሌጅ 137 ዶላር መሆኑ ነው፤ አንዱ ዶላር ከ120 ብር በላይ በሆነበት በ2017 የእኔን የአራት ወር ጡረታ የሚወስድ ነበር። ድሃ መሆንን ለማስረዳት ይህን ያህል ማስከፈላቸው ያስቃል፤ ግን መላ አለው። አንዳንድ ኮሌጆች ሲጠየቁ ከክፍያ ነፃ የሚያደርግ ኮድ ይልካሉ፤ አንዳንዶቹም በምትኩ ለውጭ ተማሪዎች የተዘጋጀ ሌላ ነፃ ቅጽ ይቀበላሉ። ልጄ ለእያንዳንዱ ኮሌጅ አጭር ደብዳቤ ጻፈች፤ ከፊሎቹ ኮድ ላኩ። በቢሮው የዋጋ ዝርዝር ላይ ይህ መንገድ የለም፤ በነፃ የሚያልቅ ነገር ኮሚሽን አይወጣበትም።

ቅጹ የሚገኘው በእንግሊዝኛ ብቻ ነው፤ ጥያቄውም ብዙ ነው። ቤት አላችሁ? መቼ ተገዛ? ዛሬ ቢሸጥ ስንት ያወጣል? እርሻ አላችሁ? ቁጠባ? የእናት ገቢ? እኛ መጀመሪያ በወረቀት ላይ ቤት ውስጥ ሞላነው፤ ባለቤቴ ከረከቦቱ አጠገብ፣ ልጄ እየተረጎመች፣ እኔ እርሳስ ይዤ። ባለቤቴ የገበያ ቀን በርበሬ ትሸጣለች፤ «የዓመቱን ትርፍ ንገሪ» ስንላት «አላህ ያውቀዋል» አለች። እሱን ቅጹ ላይ መጻፍ ስለማይቻል ከሚዛን ደብተሯ ላይ ደመርነው። እንዲህ ያለውን ሒሳብ የትኛው የቢሮ ሠራተኛ ሊያውቅላችሁ ይችላል?

የተሞላውን ወረቀት ይዘን ደሴ ስንደርስ ወደ ኮምፒውተር የሚገለብጠው ወጣት ሁለት ነገር ሊያበላሽ ነበር። አንደኛ፣ የጡረታ ማስረጃዬ ላይ «2016» የሚለውን ዓመት እንዳለ ጻፈው። በአሜሪካኖቹ አቆጣጠር ያ ከስምንት ዓመት በፊት የነበረ ገቢ ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። ቅጹ ገንዘቡን በብር መቀበል ይችላል፤ ራሱ ይመነዝረዋል። ልጁ ግን በለመደው በ57 እያካፈለ በዶላር መጻፍ ጀመረ። ብር ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ጀምሮ በገበያ ዋጋ እንደሚመነዘር የደሴ ሱቅ ሁሉ ያውቃል፤ ይህ ኮምፒውተር ብቻ አልሰማም። የእኔ የዓመት ጡረታ 51,600 ብር ነው፤ በ57 ሲካፈል 905 ዶላር፣ በወቅቱ ዋጋ በ125 ሲካፈል 413 ዶላር። ይህ ይሁን፣ በሁለቱም ድሃ ነኝ። ነገር ግን 3 ሚሊዮን ብር የተገመተው ቤታችን በአንዱ ከ52 ሺህ ዶላር በላይ፣ በሌላው 24 ሺህ ይሆናል። ኮምቦልቻ ያለች የጭቃ ግድግዳ ቤት ልጄን ባለጸጋ አድርጋ ልታቀርብብኝ ነበር። አስቆምኩት። ልጁ «ይቅርታ ጋሼ» ብሎ አስተካከለ፤ ጥፋቱ የእሱ ሳይሆን ያላሠለጠኑት ሰዎች ነው።

የእርሻው ጥያቄ ደግሞ ሌላ ጣጣ አለው። ቃሉ ወረዳ ከእናቴ የተላለፈልኝ ጥማድ መሬት አለኝ። ሥራ አስኪያጁ «ዝም በል፣ አትጻፈው» ሲለኝ ወጣቱ «ዋጋ ገምት» አለኝ። ሁለቱም አይሆንም። በሕገ መንግሥታችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። የመጠቀም መብት እንጂ የሚሸጥ ዋጋ የለውም። ቅጹ መጨረሻ ላይ ልዩ ሁኔታን ለማስረዳት የተተወ ባዶ ቦታ አለ፤ ልጄ እዚያ ላይ በአጭሩ ጻፈችው። የጦርነቱን ዓመትም፣ በ2014 ትምህርት የተቋረጠበትን ጊዜና ያጣነውን ንብረት፣ እዚያው አሰፈረች። የቢሮው ሰዎች ያንን ቦታ ባዶ ነው የሚልኩት፤ «አማራጭ ነው» ይላሉ። ለእንደኛ ያለ ቤተሰብ ከቅጹ ሁሉ ዋነኛው ቦታ እሱ ነው ባይ ነኝ።

በጣም የተቃወምኩት ግን ይህን ነው። ቤተሰቡ በዓመት ስንት መክፈል ይችላል የሚለው ጥያቄ ላይ ሥራ አስኪያጁ «10,000 ዶላር እንበል፤ የመግባት ዕድሏ ከፍ ይላል» አለኝ። ዕድሉ ከፍ እንደሚል አልክድም፤ ከላይ የጻፍኩት ሚዛን እንደዚያ ነው የሚሠራው። ግን 10,000 ዶላር ከየት ይመጣል? ኮሌጁ ከተቀበላት በኋላ ለቪዛ የሚያስፈልገውን አይ-20 የሚባለውን ወረቀት የሚሰጠው የመጀመሪያው ዓመት ገንዘብ ከየት እንደሚመጣ በማስረጃ ሲታይ ነው። ቆንስሉም ይጠይቃል። «ኋላ ይጨምሩላታል» አለኝ። ብዙ ኮሌጆች ግን ለውጭ ተማሪ በመግቢያው ጊዜ ያልተጠየቀን ድጋፍ በኋላ አይሰጡም፤ ይህንንም ድረ ገጻቸው ላይ በግልጽ ጽፈውታል። ስለዚህ ያ ቁጥር ዛሬ የሚያስገባ፣ ነገ በር ላይ የሚያስቀር ነው። ከቢሮው በውሸት ቁጥር ወጥተው ደብዳቤ ሲመጣላቸው የጨፈሩ፣ ከዚያም ለአይ-20 ገንዘብ ፍለጋ ዘመድ ለዘመድ የዞሩ ቤተሰቦች አውቃለሁ። እኛ ያለንን ጻፍን። ትንሽ ነው፤ እውነት ነው።

ስለ ምስክርነት ደብዳቤ ረጅም አልጽፍም። ቢሮው በመምህር ስም ደብዳቤ 1,500 ብር ይጽፋል። ለልጆች የማጭበርበር የመጀመሪያ ትምህርት ገንዘብ እየከፈልን እንድናስተምር ነው። የልጄ የፊዚክስ መምህር ራሱ ከኮምቦልቻ መጥቶ፣ የራሱን ኢሜይል ተጠቅሞ፣ እዚያው ወንበር ላይ ተቀምጦ ጻፈ።

ያን ቀን ነው ቢሮውን ከመዘጋት የምታድነውን ሠራተኛ ያየሁት። ስካን ክፍል የምትሠራ ቀጭን ልጅ ናት። መምህሩ ኮመን አፕ በሚባለው የብዙ ኮሌጆች የጋራ ማመልከቻ ድረ ገጽ ላይ ደብዳቤ ማስገባት አያውቅም ነበር፤ ወንበር አጠገቡ ስባ፣ ማውሱን ከእጁ ሳትነጥቅ፣ እሱ ራሱ እንዲያደርገው ጠበቀችው። ማኅተም የደበዘዘበትን የቀበሌ ደብዳቤ አይታ «ይህን አይቀበሉትም፤ ነገ በአዲስ ማኅተም አምጡልኝ፣ ዛሬ አላስከፍላችሁም» አለችን። የትርጉም ወረቀት ላይ ቀኑን በሁለቱም አቆጣጠር ትጽፋለች። የልጄን ስም፣ የእኔን ስምና የአባቴን ስም በሁሉም ሰነድ ላይ በአንድ ዓይነት የእንግሊዝኛ ፊደል እንዲሆን ታስተካክላለች። እንዲህ ያለች ልጅ በእኔ ጊዜ ብትኖር መጋዘኑን አስረክቤያት ቀደም ብዬ ጡረታ እወጣ ነበር። ከሄዳችሁ እሷን ጠይቁ።

አሁን ያለነው በመጠበቂያው ጊዜ ላይ ነው። ማመልከቻው ታኅሣሥ 23 አካባቢ ተዘጋ፤ መልሱ የሚመጣው በመጋቢት ነው። ለቢሮው ሥራው ታኅሣሥ ላይ አብቅቷል። እንደ እኔ ግን የቢሮ ጥራት የሚታየው ከዚህ በኋላ ነው። በጥርና በየካቲት ኮሌጆች ይጽፋሉ፦ የአንደኛው መንፈቅ ውጤት ላኩ፣ የጡረታ ማስረጃው ይተርጎም፣ ይህ ሰነድ አልታየንም። ቀን ገደብ አለው። ከአንድ ኮሌጅ የመጣው እንዲህ ያለ መልእክት ወደ ልጄ አልደረሰም፤ ቢሮው ክፍያውን በራሱ ካርድ ሲፈጽም መለያውን በራሱ ኢሜይል ከፍቶት ኖሯል። ለሳምንት ያህል ማንም ሳያነበው ተቀመጠ። አግኝታ የደወለችልን ያችው የስካን ክፍል ልጅ ናት፤ ከሥራ ሰዓት ውጭ፣ በራሷ ስልክ። ሰነዱ በገደቡ ቀን ደረሰ። ሥራ አስኪያጁን ስናገረው «ሙሉ ጥቅል ብትገዙ ኖሮ እንከታተል ነበር» አለ። ጥቅሉን የገዙ ሁለት ወላጆችን ጠይቄአለሁ፤ ለእነሱም የደወለላቸው የለም። ኢሜይሉን በዚያኑ ዕለት ወደ ልጄ አዛወርነው፣ የይለፍ ቃሉንም ቀየርን። እናንተ ከመጀመሪያው ቀን አድርጉት።

ሌላም አዲስ አገልግሎት ለጥፈዋል፦ «ውጤት ማየት 200 ብር»። ታላላቆቹ ኮሌጆች ውጤት የሚለቁት በኒውዮርክ ከምሽቱ 1 ሰዓት ላይ ከሆነ እኛ ዘንድ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። በዚያ ሰዓት ቢሮው ዝግ ነው፤ ታዲያ የሚያዩት ምንድን ነው? በስልክ ይከፈታል፣ ነፃ ነው። ደግሞ ረመዳን ነው፤ ለስሑር መነሳታችን አይቀርም፣ ትንሽ ቀደም እንላለን። ልጄ አትተኛም፤ እናቷ «ለአላህ ተይው» ስትላት እሺ ትልና ስልኳን ትከፍታለች። የ12ኛ ክፍል ፈተናዋንም መተው የለባትም፤ በ2016 ከተፈተኑት ያለፉት 5.4 በመቶ ብቻ ናቸው፣ የአሜሪካው ቢቀር የእኛው መቅረት የለበትም።

ተቀባይነት ካገኘች እስከ ሚያዝያ 23 መልስ መስጠት አለባት። ከዚያ ሴቪስ ለሚባለው የውጭ ተማሪዎች መመዝገቢያ 350፣ ለቪዛ ማመልከቻ 185 ዶላር ይከተላል፤ ይህ በጥቅሉም ውስጥ የለም፣ በአብዛኛው የኮሌጅ ድጋፍም ውስጥ የለም፤ ከአሁኑ አስቡበት። ምክር የሚፈልግን ሰው አዲስ አበባ አሜሪካ ኤምባሲ ሥር ያለው ኤዱኬሽን ዩ ኤስ ኤ በነፃ ያማክራል፤ ሥራ አስኪያጁ ሊነግራችሁ ስላልፈለገ እኔ ልንገራችሁ።

ነጥብ ስጥ ካላችሁኝ፦ መስመሩና ባትሪው 5 ከ5፣ ትርጉሙ 4፣ ምክሩ 1፣ ያችን ልጅ በቁጥር አልለካትም። በዚህ ወር እሷ ሁዳዴ ላይ ናት፣ የቀሩት ረመዳን ላይ፤ ስለዚህ ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ሳይሞላ ይዘጋሉ። አርብ ከጁምዓ በኋላ መሄድ ይሻላል፣ ሰልፉ ያጥራል። የቀበሌውን ደብዳቤ ቴምብር አስለጥፋችሁ፣ ፍላሽ ይዛችሁ ሂዱ፣ ለከፈላችሁት ሁሉ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ሲጨቀጨቁ ይሰጣሉ። ደረጃው ጨለማ ነው፣ መደገፊያውም ይነቃነቃል።